ጋሼ ቀላልና ያልጠቆረው ኮት

ምክር የማይሰጥ ሰው አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ ያለው ጊዜ ያጣ ሰው ብቻ ነው። ጊዜ ያለውማ አይጣል ነው። ጡረታ የወጣ፣ ምላሱም ጉልበቱም ደህና የሆነ፣ ፎቅ ወርዶ የሰው በር ማንኳኳት የማይከብደው አዋቂ ለየሕንፃው አንድ አንድ ታድሏል። ሕንፃ ሲሠራ ከውሃ ቧንቧውና ከመብራት ቆጣሪው ጋር አብሮ የሚገጠም ይመስላል። ቧንቧው ይደርቃል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ እሱ ግን ተቋርጦ አያውቅም።

ፎቶ አታሚዋ ለምትሠራበት ሕንፃ የደረሱት የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ቀላል ናቸው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን ግልጽ ነው። ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ፣ አንዳንዴም ሳይጀምር፣ «ይሄማ ቀላል ነው» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠርተዋል። ሥራቸው የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ለተሳፋሪ መንገር ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም አውቶቡስ እሳቸው ባሉት ሰዓት አልደረሰም፤ እሳቸውም አንድም ቀን «አላውቅም» ብለው አላፈሩም። ጥፋቱ የአውቶቡሶቹ ነበር።

አንድ ጊዜ የሕንፃው አሳንሰር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ተራ ሰዎች፣ አምስተኛው ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ቀላል። እሳቸውም አሳንሰር እንዴት እንደሚሠራ ለአንድ ሰዓት ተኩል አስረዱ። ጥገና ሠራተኛው በመጨረሻ በሩን ፈልቅቆ ሲከፍት፣ «ዘገየህ፤ ይሄማ ቀላል ነበር» አሉት። አራቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በደረጃ ወጡ፣ በደረጃ ወረዱ። የፈሩት አሳንሰሩን አልነበረም።

ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደውም፣ አፋቸው ተከፍቶ፣ የሐኪሙ ጣት ውስጥ እያለ፣ ስለ መንቀያው አያያዝ ሐሳብ ሰጥተዋል ይባላል። ሐኪሙ ቃላቱን አልለየም። መንፈሱን ግን ሳይለየው አልቀረም፤ ምክንያቱም የነቀለው ሌላ ጥርስ ነው። ጋሼ ቀላል አልተቀየሙትም። «ያኛውም ቢሆን መውጣቱ አይቀርም ነበር» አሉ።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ማንቆርቆሪያቸውን በአንድ እጅ፣ ብርጭቆአቸውን በሌላው ይዘው ምድር ቤት ወዳለችው አታሚ የሚወርዱት። ማንቆርቆሪያው የኤሌክትሪክ ነው፤ ሲፈላ ራሱን ከማያጠፋው ከድሮው ዓይነት። ቤታቸው ውስጥ እንዳያፈሉበት ምራታቸው ከልክላለች። ከዚህ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ውሃቸው እስኪያልቅ አፍልተው አቃጥለዋቸዋል፤ አንዱ መጋረጃውንም ይዞት ሊሄድ ነበር። ጋሼ ቀላል ውሃ መጣዱን አይረሱም። የሚረሱት ማውረዱን ነው። ውሃው መፍላት ሲጀምር ወሬያቸውም ይጀምራል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ሁልጊዜ ውሃው ነው።

የአታሚዋ ክፍል ጠባብ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል፣ የድንጋይ መታጠቢያ፣ ወረቀት የሚሰጣበት ገመድ። የምታትመው በፕላቲነምና በፓላዲየም፣ በሁለት ውድ ማዕድናት፣ ነው፤ ዛሬ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ የማይሠራው ሥራ። የብረት ውህድ ያለበትን ፈሳሽና ፓላዲየሙን በጠብታ እየቆጠረች ትቀላቅላለች፤ ጥቂት ፕላቲነም ታክልበታለች፤ ከዚያ በሰፊ ብሩሽ የጥጥ ወረቀት ላይ ትቀባለች። ሲደርቅ ኔጋቲቩን በላዩ አስተኝታ የብርሃን ሣጥን ውስጥ ታስገባዋለች። አውጥታ ማጠቢያውን ስትደፋበት ሥዕሉ በአንድ ትንፋሽ ብቅ ይላል። እንዲህ የታተመ ፎቶ አያብለጨልጭም፤ ጥቁሩ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው። ለዚህ ጥቁር ስትል ነው ሌላ ሥራ ያልያዘችው።

ጋሼ ቀላል ስለዚህ ሥራ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይህ ደግሞ አላገዳቸውም።

«ብሩሹን ወደ ታች ነው መጎተት» ይላሉ ከወንበራቸው።

«ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው ጋሼ። እኩል እንዲዳረስ።»

«ልጄ፣ ግድግዳ ሲቀባ አይቻለሁ።»

«ይሄ ግድግዳ አይደለም።»

«እሱ ነዋ ስህተቱ።»

በዚህ መካከል ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል። መስኮቱ ያልበዋል፤ ጠብታው እየተንሸራተተ ደፉ ላይ ይጠራቀማል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ጀርባቸውን ያጎብጣሉ። አታሚዋ አሥር ጊዜ ተነስታ ታጠፋዋለች፤ ጋሼ ቀላል አሥር ጊዜ «ገና አልፈላም» ብለው ያበሩታል። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ሲገጥም ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ መልመድ ወይ ቤት መቀየር። እሷ የቤት ኪራይ ውሉን አሰበችና ለመደች።

ነገሩ የተበላሸው አክስቷ አንድ ኔጋቲቭ ያመጣች ቀን ነው።

አክስቷ ያሳደገቻት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዓይኗ መዳከም እስኪጀምር ድረስ። አሁን ሐኪሙ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ብሏታል፤ ከዚያ በኋላ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የምትለየው። እስከዚያው የሚታያት በጣም ጥቁር የሆነ ነገር በነጭ አጠገብ ሲሆን ነው። የሚያብለጨልጭ ፎቶ ሲያሳዩዋት ብልጭታው ይወጋታል እንጂ ሰውየው አይታያትም። በልብስ ስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመርፌና ከጠመኔ በታች፣ መጽሐፍ የሚያህል የድሮ ስቱዲዮ ኔጋቲቭ አገኘች። ባሏ ነው። ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው። ግራጫ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የለበሰው ጥቁር ኮት ነው።

«ኮቱን እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። «ፊቱንስ በሐሳቤ አየዋለሁ፤ ቀን ከሌት አየዋለሁ። ኮቱ ነው የጠፋብኝ። እሱን አንዴ ልየውና ከዚያ ይጨልም።»

ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አወጣች፤ ያኔ ከኮቱ የተረፈ ነው። እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር።

«ይህን አስመስይው።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ ጋሼ ቀላል ከማንቆርቆሪያቸው ጀርባ። አክስት ወደ ድምፁ ዞር ብላ፣ «ማናቸው?» አለች። «ጎረቤት ናቸው» አለች አታሚዋ። «ብዙ ያውቃሉ?» አለች አክስት። አታሚዋ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን አጠፋችው።

አታሚዋ የቀራትን ፓላዲየም ለካች፤ ለአሥራ አምስት ወረቀት ይበቃል። የሚያስመጣላት ነጋዴ ቀጣዩ ጭነት ከአራት ወር በኋላ ነው ብሏታል። በማግስቱ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀባች። ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ኔጋቲቩን ልታመጣ ዞረች። ስትመለስ ወረቀቱ መሐል ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ብርጭቆው።»

ጋሼ ቀላል አነሱት። ከሥሩ ክብ ቡናማ ቀለበት ቀረ። አጎንብሰው አዩት። «ይሄማ ቀላል ነው» አሉ፣ «ሥዕሉ ሲወጣበት ይሸፈናል። ኮቱ ጥቁር አይደል?»

አታሚዋ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ «እስቲ አንድ ቀን እንኳ የማያውቁት ነገር ይኑር። አንድ ቀን ‹አላውቅም› ብለው ይሂዱልኝ» አለች።

 ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን ከሶኬቱ ነቀሉ፤ ገና ትኩስ ስለነበር በኮታቸው እጅጌ ያዙት። «አመድ አፋሽ ሆንኩ» አሉ ለማንም ሳይሆን። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ፤ አንድ ምክር ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደነበረ ያስታውቃል። ዋጡት። ወጡ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። መስኮቱ ደረቀ። አታሚዋ በዚያው ቀን አዲስ የብረት ፈሳሽ ጠርሙስ ከፈተች፣ አዲስ የወረቀት ጥቅል ፈታች፣ ጠረጴዛዋን ከዳር እስከ ዳር ወለወለች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም የብሩሹን ድምፅ ሰማች። ሰላም ይህን ይመስላል አለች።

ሁለተኛው ወረቀት ከማጠቢያው ሲወጣ ኮቱ ጥቁር ነበር። እርጥብ ነገር ግን ያታልላል። ገመዱ ላይ ሲደርቅ ጥቁሩ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ ማታ ላይ አመድ መሰለ። ኮቱና ግድግዳው አንድ ሆኑ። አንድ ፊትና ሁለት እጅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ።

ብርሃኑ አንሶት ነው አለች። ጨመረችለት። ኮቱ አልጠቆረም፤ የጠቆረው ፊቱ ነው፤ ያ ቀይ ሰው ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ መሰለ። አዲሱ የብረት ፈሳሽ ነው አለች፤ ለነጋዴው ደወለች። ነጋዴው ወረቀቱ ነው አላት። ወረቀቱ ውስጥ ኖራ ካለ ብረቱን ያዳክመዋል፤ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፊው። ዘፈዘፈችው፤ አደረቀችው፤ ቀባችው፤ አመድ። ወረቀት ሻጩ ደግሞ በበኩሉ ወረቀቴ ንጹሕ ነው፣ ብሩሽሽን እዪው አለ። የብሩሿን ፀጉር የያዘውን ቆርቆሮ አየች፤ አልዛገም፤ ቢሆንም ቀየረችው። አመድ። ድርብ ቀባች፤ አንድ ወረቀት የሁለት ወረቀት ፓላዲየም በላ፤ ኮቱ ትንሽ እንደማሰብ አለና ተወው። ማጠቢያውን አሞቀች። የጠብታውን ቁጥር ቀየረች። ምናልባት በደንብ ሳይደርቅ ነው ብርሃን የሚያየው ብላም የፀጉር ማድረቂያ ገዛች፤ ወረቀቱን እንደ ጭራሮ እስኪንኮሻኮሽ ታደርቀው ጀመር። ከሁሉም የከፋው አመድ ያን ጊዜ የወጣው ነው።

አክስቷ በየሳምንቱ ማክሰኞ ትመጣለች። መስኮቱ አጠገብ ትቆማለች፤ ፎቶውን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ቁራጩን ጨርቅ ከጎኑ ትይዛለች።

በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ «ጨርቁ ይታየኛል። ኮቱ የታለ?» አለች።

በሦስተኛው ማክሰኞ፣ «እኔ ነኝ ወይስ ወረቀቱ?» አለች። አታሚዋ ወረቀቱ ነው አለቻት። «ደግ» አለች አክስት። «እንግዲያው ገና ነኝ።»

በአምስተኛው ማክሰኞ ጨርቁን እንኳ ለማየት ጊዜ ወሰደባት። ስትወጣ የበሩን እጀታ በእጇ ነበር የፈለገችው፣ በዓይኗ አልነበረም። ደረጃው ላይ ቆማ፣ «አንቺ ልጅ፣ አትጨነቂ» አለች፣ «ካልሆነም ይቅር።» አታሚዋ ተመልሳ ገብታ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ የምትወቅሰው ነገር አልቆባት ነበር።

ብረቱን ወቅሳለች፣ ወረቀቱን ወቅሳለች፣ ብሩሹን፣ ውሃውን፣ አምፖሉን፣ ኔጋቲቩን፣ የሞተውን ፎቶ አንሺ ሳይቀር ወቅሳለች። በየወረቀቱ ፊት ቆማ ለባዶው ክፍል ምክንያቱን ስታስረዳ ድንገት የራሷን ድምፅ ሰምታ ታውቃለች። አንድ ቀን ከአፏ «ይሄማ ቀላል ነው» የሚል ቃል ወጣ።  ሁለት ወረቀት ቀርቷታል። እውቀት ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያስጠላ ያኔ ገባት፤ ቢያንስ የጋሼ ቀላል እውቀት ሻይ ይዞ ነበር የሚመጣው።

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ ደብተሯን አወጣች። ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ገጽ አላት፤ ቀኑ፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ የጠብታው ቁጥር፣ የደቂቃው ቁጥር ይጻፍበታል። ጥቁሩ ደህና የነበረበትን ጊዜ ከኋላ ጀምራ ልታነጻጽር ፈለገች። ቁጥሮቹ ልዩነት የላቸውም። ደግማ ገለጠች። ሦስተኛ ጊዜ ስትገልጥ ያየችው ቁጥሩን አልነበረም፤ ገጹን ነበር።

የድሮዎቹ ገጾች ሞገድ ሠርተዋል። እንደ ታጠበ ልብስ ጫፋቸው ተኮማትሯል፤ ሲገለጡ ይንኮሻኮሻሉ። የአራት ዓመት ገጾች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ፣ የሻይ ቀለበት ያረፈበት ወረቀት በተመዘገበበት ገጽ ላይ፣ ሞገዱ ያበቃል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ገጾች ለጥ ያሉ፣ የደረቁ፣ ልክ ከሱቅ እንደመጡ ናቸው። አመድ የተመዘገበባቸው በሙሉ።

ብድግ ብላ መስኮቱን ነካችው። ደረቅ ነው። መደርደሪያዋን አየች፤ መጻሕፍቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጥቁሩ ጠል ይፈልግ ነበር። የተቀባው ወረቀት ብርሃን ከማየቱ በፊት ጥቂት እርጥበት መያዝ ነበረበት፤ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ወረቀት ጥቁር አያወጣም። ሥራውን ስትማር ሰምታው ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ግን ስላልቸገራት ረስታዋለች። ያልቸገራት ደግሞ ክፍሏ ውስጥ በየቀኑ ለሰዓታት የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ ስለነበረ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሏት ነበር ሽማግሌው፣ እልኋን ሲያዩ። ወረቀቱስ ምክንያቱን ይዞ ነበር። ያልያዘችው እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ድስት ጣደች። ሥርዓት ያለባት ሰው ናትና ውሃው እንደፈላ አወረደችው። ከሁለቱ ወረቀት አንዱን አተመች። ኮቱ ትከሻው ድረስ መጣ፤ ከትከሻው በታች ግድግዳው ውስጥ ገባ። አንድ ቀራት።

እርግጥ ነው፣ ድስቱን ራሷ ለሰዓታት ማፍላት ትችል ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ይህንኑ ነው ለራሷ የምትለው።

ሦስተኛ ፎቅ ምራትየው ከፈተችላት። «ኧረ ግቢ፣ ግቢ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን አድርገሻቸው ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክር የለም፣ ወሬ የለም። ትናንት ቧንቧ ሠሪ መጥቶ ብሎኑን በግራ ማዞር ሲገባው በቀኝ ሲታገል አዩት።»

«እና?»

«ዝም አሉ።»

«ዝም አሉ?»

«ዝም። ልጃቸው ሐኪም ቤት ካልወሰድናቸው እያለ ነው።»

ጋሼ ቀላል መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ታች፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ያያሉ። ሰዎች ተሰልፈዋል። የሚነግራቸው ሰው የለም።

«ጋሼ» አለች አታሚዋ፣ «የአክስቴ ኮት አልጠቁር ብሎኛል። ምን ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው አልዞሩም። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት አራት ዓመት ጠብቃለች። አሁን ስትሰማው አንድ ነገር ከደረቷ ወረደ። የወረደው ሸክም አልነበረም።

«ሁሉንም ጠየቅሁ። ነጋዴውን ጠየቅሁ፣ ወረቀት ሻጩን ጠየቅሁ። የሚያውቅ ጠፋ።»

ትከሻቸው ትንሽ ቀና አለ።

«አንድ ወረቀት ነው የቀረኝ። ካልጠቆረ አክስቴ ሳታየው ትቀራለች።»

«አንድ?»

«አንድ።»

«ያ ነጋዴ ምን አለሽ?»

«ወረቀቱን አሲድ ውስጥ ዘፍዝፊ አለኝ።»

ጋሼ ቀላል ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። «አሲድ» አሉ፤ እንደ ስድብ ነበር ያሉት። «ሰው ተምሮ ተምሮ እዚህ ይደርሳል። ማንቆርቆሪያዬ የታለ?»

«ደብቄዋለሁ» አለች ምራትየው።

«እዚያ ከዱቄቱ ጀርባ ያለውን ነው የደበቅሽው?» አሉና ተነሱ።

ያን ቀን ጋሼ ቀላል የስድስት ሳምንቱን በአንድ ጠዋት አወጡት። ስለ ኖራ ተናገሩ፣ ስለ ቧንቧ ሠሪው ተናገሩ፤ ለቧንቧ ሠሪው ሳይናገሩ በመቅረታቸው በሌሊት ነቅተው እንደተንገበገቡ ነገሯት። ብርጭቆአቸውን ግን ወለሉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ነው ያስቀመጡት፤ ስለዚህ ምንም አልተናገሩም። ማንቆርቆሪያው ፈላ፤ አልቆ ተሞላ፤ እንደገና ፈላ። መስኮቱ ማላብ ጀመረ። መጻሕፍቱ ሊጎብጡ ጀመሩ። ወረቀቱ በእጇ ውስጥ ለስለስ ሲል ተሰማት፤ እንደ ጨርቅ።

«ዋናው ነገር ማድረቅ ነው» አሉ ጋሼ ቀላል። «ድርቅ አድርገሽ አድርቂው። እርጥበት ነው ጥቁርን የሚገድለው። ይሄማ ቀላል ነው።»

አታሚዋ የፀጉር ማድረቂያውን አነሳችና ወረቀቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አመላለሰችው። ሶኬቱ ላይ አልሰካችውም ነበር። ጋሼ ቀላል እያወሩ ስለነበር ድምፅ አለመኖሩን አላስተዋሉም።

ከማጠቢያው ሲወጣ ጥቁር ነበር። ይህ ምንም ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች። ገመዱ ላይ ሰቀለችውና ሁለቱም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ውሃው ከጫፉ ተንጠባጠበ፤ ቀስ ብሎ ቆመ። መሐሉ ደረቀ፣ ጠርዙ ደረቀ። ጋሼ ቀላል ዝም ብለው መቀመጥ እንደሚችሉ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ኮቱ አልሸሸም። ግድግዳው ግራጫ ሆኖ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሰውየው ከፊቱ ቆመ።

«አልነገርኩሽም?» አሉ ጋሼ ቀላል ቀስ ብለው። «ስላደረቅሽው ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

አክስት በማግስቱ መጣች፤ የምራትየው ልጅ ናት ደረጃውን ያወረደቻት። መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ፎቶውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ራቅ አደረገች፤ እንደገና አስጠጋች። ጨርቁን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ጣቷ ወረቀቱን ሳይነካ ከአንገትጌው ተነስቶ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ። ቆመ። ተመለሰ።

«የግራ ትከሻው ወርዷል» አለች።

አታሚዋ ደነገጠች። «የት?»

«እዚህ። እኔው ነኝ፤ ቸኩዬ ነበር። አንድ ጣት ያህል ወርዷል።» ጣቷ እዚያው ቆየ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ለብሶት ኖረ። አንድ ቀን አልነገረኝም።»

ጋሼ ቀላል አፋቸውን ከፈቱ። አታሚዋ አየቻቸው። የወረደ ትከሻ እንዴት እንደሚስተካከል በምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደነበረ ጥርጥር የለውም። ዘጉት። ብርጭቆአቸውን ከወለሉ አንስተው ለአክስት ሻይ ቀዱላት።

የአክስት ዓይን ሐኪሙ ባለው ጊዜ ጠፋ፤ ቀን አልጨመረም። ፎቶው አልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

ነጋዴው አዲሱን ፓላዲየም ሲያመጣ የአየር እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ልሽጥልሽ ብሎ አታሚዋን ጠይቋት ነበር። አልፈልግም አለችው። ደብተሯ ላይ ግን ከጠብታውና ከደቂቃው ቀጥሎ አንድ አዲስ ዓምድ አስምራለች። «መጥተዋል» ወይም «አልመጡም» ይላል። ባልመጡ ቀን አታትምም። በዚህ ወር ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ቀን ቀርተዋል፤ ሦስቱንም ቀን ጠረጴዛውን ስትወለውል ዋለች። ገጾቹ እንደገና ሞገድ መሥራት ጀምረዋል።

ያ ዓምድ ለዘላለሙ «አልመጡም» የሚባልበት ቀን እንደሚመጣ ታውቃለች። ደረጃው በየሳምንቱ ይረዝምባቸዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ማንቆርቆሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀይሩ ከታች ትሰማለች። ለዚያ ቀን ምን ማድረግ እንዳለባት ብረቱንም፣ ወረቀቱንም፣ ብሩሹንም ብትጠይቅ አያውቁም። ቀላል ነው የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም አሁን አንደኛ ፎቅ ደርሷል፤ እያወራ ነው።